የተርታው አገር በረኛ

እኔ በተወለድኩበት አገር ታላቅ ሳያልፍ ታናሽ አያልፍም። ይህን የምለው ጨዋዎች ነን ብዬ ልኮራ አይደለም፤ ጨዋ ሰው የትም አለ። በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ ሕግ ነው። መሥሪያ ቤት አለው፣ ሹም አለው፣ ጡሩንባ አለው። በየበሩ፣ በየምንጩና በየድልድዩ ጫፍ አንድ አስቀዳሚ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሥራው መጪውን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ «እርስዎ ይለፉ፤ አንተ ቁም» ማለት ነው። ሁለት ሰዎች እኩያ ነን ካሉ የተወለዱበትን ወር ይጠይቃል፤ መንታ ከሆኑ አዋላጇን ያስጠራል። አንድ ጊዜ የጎረቤቴ ቤት በእሳት ተያይዞ ቤተሰቡ በሙሉ በተርታ ወጣ። ሁሉም ደህና ናቸው። የመጨረሻዋ ልጅ ቅንድብ ብቻ እስከ ዛሬ አልበቀለም።

ታላቁን የቀደመ ወይም ያገደ ሰው አይታሰርም፣ አይገረፍም። ከተርታ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የትም ቢሄድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ የታዘለ ሕፃን እንኳ ይቀድመዋል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ቀላል አለመሆኑን ማወቅ የፈለገ ወደ ትልቁ ድልድያችን ወርዶ ደባልቄን ማየት ነው። ደባልቄ በጎልማሳነቱ አንድ ሠርግ ቤት ርቦት ነበርና ከአጎቱ ቀድሞ እጁን ታጠበ። ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሞ ሰው አልፎ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ሰው ደግሞ አያልቅም። ድልድዩ ጭር ባለ ጊዜ እንኳ «ቆይ እስቲ፣ እዚያ ጋ አቧራ ይታየኛል» ይባላል። ሚስቱ በፊት በፊት ከማዶ ሆና ትጣራ ነበር። አሁን ምሳውን በመንገደኛ ትልክለታለች እንጂ አትጣራም።

የድልድዩ አስቀዳሚ አቶ እንዳላማው ይባላሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የሰውን ዕድሜ ከአረማመዱ ያውቃሉ፤ ሹም ቢመጣ፣ ዘመድ ቢመጣ፣ አንዲት ወር ጨምረውም ቀንሰውም አያውቁም። የልጅ ልጃቸውን ይታገሱን ያሳደጉት እዚያው በርጩማቸው ሥር ነው። እናቱ በወሊድ ስለሞተች ገና ወደዚህ ዓለም ሲመጣ የተቀበሉት በራሳቸው እጅ ነበር። ይታገሱ ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚወደውም የሚፈራውም እኚህን ሽማግሌ ነው። ከቦታ ሁሉ የሚፈራውን ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያየው አድጓል። ደባልቄ የቆመበት ቦታ ነው።

ይሁን እንጂ ልጁን በረኛ ያደረገው ደባልቄ ነው። መቆም እግሩን ሲያደነዝዘው ከአሮጌ ካልሲ የተሰፋ ኳስ ይጠልዛል፤ ልጁ በሁለት ድንጋዮች መሃል ቆሞ ይይዛል። በእኛ አገር በረኛ መሆን ከባድ ነው። የታላቅን ምት ማገድ ነውር ነው፤ የታናሽን ምት ማገድ ደግሞ ልጅ ማስለቀስ ነው። ይታገሱ አንድ ቀን ፈራ ተባ እያለ አያቱን ጠየቀ።

«አባባ፣ የጋሽ ደባልቄን ኳስ ብይዝባቸው ጥፋት አለው?»

አቶ እንዳላማው ከበርጩማቸው ሳይነሱ ደባልቄን አዩት። «ጋሽ አትበለው። ከተርታ የወጣ ሰው ታላቅም ታናሽም አይደለም። ያዝበት» አሉ።

ስለዚህ በአገር ምድሩ ሁሉ ይታገሱ ሳይፈራ እምቢ ሊለው የሚችለው አንድ ሰው ደባልቄ ብቻ ነበር። ልጁ ያችን እምቢታ ወደዳት። ደባልቄም እምቢ የሚለው በማግኘቱ ደስ ይለዋል፤ ሌላው ሰው እሱን እምቢ ለማለት እንኳ ዞር ብሎ አያየውም።

በየሁለት ዓመቱ ከሃያ ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የሚጫወቱበት የዓለም ወጣቶች ዋንጫ አለ። እኛ አገር ታናሽ ከታላቅ ቀድሞ አውሮፕላን ላይ ስለማይወጣ የወጣት ቡድናችን ምንጊዜም ከሽማግሌዎች ይመረጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ ደርሰው ከበር ይመለሳሉ፤ እኛም «አድልዎ ተፈጸመብን» ብለን እንከሳለን። በዚያ ዓመት ግን ተመራጮቹ በሙሉ ጉልበታችንን አሞናል አሉ። ተተኪ ተፈልጎ ታጣና ወጣቶቹ ተላኩ። ይታገሱ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር። በመስከረም ስለተወለደ ከጓደኞቹ በወራት ይበልጣልና አምበል አደረጉት።

ከመሄዳቸው በፊት የአገሩን ቅድሚያ የሚያስከብሩት ትልቁ ሹም፣ ሊቀ ተርታ፣ ስለ ቡድኑ እድል ተጠየቁ። ሊቀ ተርታ የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው፤ በሥልጣን ያለ ሰው በዕድሜ እንዳይበልጣቸው ከእሳቸው በላይ የሆኑት ሁሉ ጡረታ ወጥተዋል።

«እድልም ተርታ አለው» አሉ። «መጀመሪያ ለታላላቆቹ አገሮች ይደርሳል። ከእነሱ ከተረፈ ወደ እኛ ይመጣል። ልጆቻችን ሄደው በትሕትና ይጠብቁት።»

እኛም አጨበጨብን። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ጥሩ ንግግር መስሎኝ ነበር።

ሊቀ ተርታም ጡሩንባቸውን ይዘው አብረው ሄዱ። የእኛ ልጆች ከመጡት ቡድኖች ሁሉ ታናሾች ስለነበሩ ከፊታቸው የሚመጣው ተጋጣሚ በሙሉ ታላቅ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ የሌላው አገር አጥቂ ኳስ እየገፋ ሲመጣ ቢተው የሚባለው ተከላካያችን ቆመ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ አለና «ይለፉ» አለው። አጥቂው በሦስት ወር ይበልጠው ነበር። የሚቀጥለውንም አሳለፈ፤ የሚቀጥለውንም። ጨዋታው አራት ለባዶ አለቀ። የባዕድ ሬዲዮ እንግዳ ተቀባይ ተከላካይ ብሎ አወደሰን። ሊቀ ተርታ ከጎሉ ጀርባ ተቀምጠው በኩራት አለቀሱ።

ሌላ አንድ ጊዜ ከተሸነፉ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ ለልጆቹ ተነገራቸው። አሰልጣኙ ማስረሻ ዝምተኛ ሰው ነው፤ እንቅልፍ አጥቶ አደረና በማግስቱ ቁርስ ላይ ሊቀ ተርታ እስኪበሉ ጠብቆ ቀረበ።

«ክቡር ሊቀ ተርታ፣ ታላቅ ሰው መንገድ ላይ ዕቃ ቢወድቅበት ታናሹ ምን ያደርጋል?»

«ተከትሎ ያነሣለታል እንጂ። ያላነሣ ባለጌ ነው። ለእንዲህ ያለ መልእክት የሚሮጥን ሰው አስቀዳሚም አያቆመው።»

«ኳስ ቢወድቅበትስ?»

ሊቀ ተርታ ጺማቸውን አሻሹ። «ኳስም ዕቃ ነው።»

«በረኛው ደግሞ ኳስ ቢይዝ?»

«ከሩቅ የተመታች ኳስ ከታላቁ እግር ተለይታለች። ኳስ ዕድሜ የላትም፤ ይያዛት። ነገር ግን» አሉና ወደ ይታገሱ ዞሩ፤ «ታላቅ ሰው ፊትህ ቆሞ፣ ኳሷን መሬት አስቀምጦ፣ ልለፍ ብሎ ከጠየቀህ እምቢ አይባልም። ያ ፍጹም ቅጣት ምት የምትሉት ነገር ልመና ነው። ለታላቅ ልመና በሩ ይከፈታል። ያገድክ ዕለት ከተርታ ወጥተሃል። ደባልቄን ታውቀዋለህ መሰለኝ።»

«አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ» አለ ይታገሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም በሙሉ አየ። ቢተውና ጓደኞቹ አጥቂዎቹን በትሕትና ያሳልፏቸዋል፤ ከዚያ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ኳሷ ከእግራቸው ፈቀቅ ያለች እንደሆነ ያነሡላቸዋል። ያነሡላቸዋል እንጂ አይመልሱላቸውም፤ ስለ መመለስ ሊቀ ተርታን የጠየቀ አልነበረም። ፈንታ የሚባለው አጥቂያችን በታላቅ ፊት አቋርጦ ማለፍ ስለማይገባው በጀርባቸው እየዞረ ይሄዳል፤ ተከላካዮቹ አንገታቸው እስኪጣመም ሲፈልጉት ጎሉ አፍ ላይ ያገኙታል። ሁለተኛውን ጨዋታ አሸነፍን። ሦስተኛውንም አሸነፍን። እድል እኛ ጋ ሲደርስ የት እንደምናስቀምጠው አናውቅም ነበር፤ ሰው በየመንገዱ ተቃቅፎ ካለቀሰ በኋላ ማን ቀድሞ እንዳቀፈ እየተከራከረ ይጣላል።

ይታገሱ ግን ከጨዋታ ወደ ጨዋታ እየከሳ ሄደ። ጓደኞቹ አምላክን ድል ሲለምኑ እሱ የሚለምነው ፍጹም ቅጣት ምት እንዳይመጣ ብቻ ነው። በግብ ክልሉ ውስጥ ሰው በወደቀ ቁጥር ልቡ ትቆማለች። አንድ ቀን ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ እጁን ወደ እሱ ሲዘረጋ ዓይኑን ጨፈነ፤ ዳኛው የጫማ ማሠሪያው መፈታቱን ሊነግረው ነበር።

ለዋንጫ ደረስን። በዋዜማው ይታገሱ አያቱ ዘንድ ደወለ። አቶ እንዳላማው ስልኩን ያነሱት በርጩማቸው ላይ ሆነው ነበር።

«አባባ፣ ነገ ቅጣት ምት ቢመጣብኝ ምን ላድርግ?»

ወንዙ ሲፈስ ይሰማል። «ድልድዩን አትርሳ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

ከጀርባቸው የደባልቄ ድምፅ መጣ። «ኳሷን ብቻ እይ በሉት።»

አያትየው ይህን አላደረሱለትም። ልጁ ግን ሰማ።

የዋንጫው ዕለት ከፊታቸው የተሰለፈው ቡድን አንድ ዘጠኝ ቁጥር ለባሽ አጥቂ ነበረው። ወረቀቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይላል። ጺሙ ላይ ግን ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ ከተመልካቹ መሃል ደግሞ ሁለት ሕፃናት በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን «አባዬ» ማለት መሆኑ የሚገባ ቃል እየጮኹ እጃቸውን ያውለበልቡለታል። የውድድሩ ባለቤቶች ወረቀቱን አይተው ተቀብለውታል፤ ጺምና ልጅ እነሱ ዘንድ ማስረጃ አይደሉም። የእኛ ልጆች ሽበቱ ብለው ሰየሙት። ገና ሲገባ አሥራ አንዱም ተነሥተው አሳለፉት።

ፈንታ በጀርባ ዞሮ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ አገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጭንቅ ነበር። ሽበቱ ከሩቅ ይመታል፤ ይታገሱ እየተንሳፈፈ ይይዛል። ኳስ ዕድሜ የላትም። ሽበቱ በጭንቅላቱ ይገጫል፤ ይታገሱ በጣቱ ጫፍ ያወጣል። ኳስ ዕድሜ የላትም። እኛ ድልድዩ ዳር ሬዲዮ ከበን ቆመን የምንተነፍሰውም በተርታ ይመስል ነበር። ደባልቄ ከሁላችን ኋላ ሆኖ በእያንዳንዱ ምት ትከሻውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይጥላል።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቢተው ሽበቱን ተከትሎ የጣለውን ሊያነሣለት ቸኮለ። ሽበቱ ገና አልጣለም ነበር። ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ፤ ዳኛው ፊሽካውን ነፋና ነጯን ነጥብ አሳየ።

ቢተው መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመለያው ሸፈነ። ይታገሱን ሊያየው አልደፈረም። ቡድኑ በሙሉ የሚሆነውን ያውቃል። ሽበቱ ካገባ ጨዋታው እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በመለያ ምት የሚመጡት ሁሉ ፊት ለፊት የሚለምኑ ታላላቆች ስለሆኑ አንዱም አይታገድም። ዋንጫው ሄደ ማለት ነው። ይታገሱ ከያዘው ደግሞ ዋንጫው የእኛ ነው፣ የእሱ ቦታ ግን ከደባልቄ ጎን ነው። ሊቀ ተርታ ከጎሉ ጀርባ ተነሥተው ጡሩንባቸውን በሸማቸው ጫፍ ወለወሉ።

«ልጄ» አሉት በለሰለሰ ድምፅ፣ «በሩን ክፈት። የሚያፍርብህ የለም። ዝም ብለህ ቁም።»

ሽበቱ ኳሷን አስቀመጠና ወደ ኋላው ሄደ። ይታገሱ አረማመዱን አየ። አያቱ እንዳስተማሩት ተረከዙን አስቀድሞ ነው የሚረግጠው፤ አርባ ገብቷል። የቀኝ ዳሌው ያመዋልና ይሳሳለታል፤ ስለዚህ ወደ ግራ ይመታል። ይህን ማወቁን ልጁ ጠላው። የት እንደምትመጣ ባያውቅ ኖሮ ወደ ሌላ ወድቆ፣ ሞከርኩ ብሎ፣ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

ኋላ ሲነግረን በዚያች ሰዓት ያሰበው አገሩን አልነበረም፤ ዋንጫውንም አይደለም። ድልድዩን አሰበ። ደባልቄ ሲያረጅ፣ እሱም ከጎኑ ሲያረጅ፣ አያቱ ከበርጩማቸው ሆነው አቧራ ይታየኛል ሲሉት ታየው። ዝም ብሎ ሊቆም ወሰነ። እጁን ወደ ታች ለቀቀ።

ሽበቱ ሮጦ መታ። ኳሷ ወደ ግራ መጣች፣ ልክ እንዳሰባት። ይታገሱ ፈለጋት። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ኳስ ነበረች፣ እሱም በረኛ ነበር። ተወርውሮ በሁለት እጁ ያዛትና ደረቱ ላይ አቅፎ ከሣሩ ጋር ተጣበቀ።

ሊቀ ተርታ ጡሩንባውን ነፉ። ከሕዝቡ ጩኸት የተነሣ ማንም አልሰማም፤ እሳቸውም እስኪሰማ ድረስ ነፉ። ሽበቱ መጥቶ ልጁን ከመሬት አነሣው፤ በማያውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ብሎት ሳቀና ራሱን ዳበሰው። ከተርታ ከወጣ በኋላ ይታገሱን የነካው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

በመልሱ ጉዞ ዋንጫውን የያዘው አምበል አውሮፕላኑ ላይ የወጣው ከሻንጣዎቹ በኋላ ነበር። ፈንታና ቢተው እሱ ሳይገባ አንገባም ብለው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ በግድ አስገቧቸው። ቢተው በየደቂቃው «ይቅር በለኝ» ይላል፤ ይታገሱም «ተው እባክህ» ይለዋል።

ከተማው ከድልድዩ ማዶ ነው። ሕዝቡ ግን ልጆቹን ሊቀበል ወደዚህ ተሻግሮ ወጥቷል፤ እኔም ወጥቻለሁ። አውቶቡሱ ድልድዩ ጫፍ ሲደርስ ነገር ተቆላለፈ። እኛ ዋንጫው ሳያልፍ አናልፍም አልን። ዋንጫው ያለው በይታገሱ እጅ ነው። ይታገሱ ደግሞ እኛ ሁላችን ሳናልፍ አያልፍም። አገር በሙሉ ድልድይ ዳር ቆመ። ሕፃናት አለቀሱ፣ ከበሮ መቺዎች ደከማቸው፣ ደባልቄ ብቻ የለመደው ነገር ስለሆነ ተረጋግቶ ቆሟል።

«ና፣ እዚህ ጋ ጥላ አለ» አለው ይታገሱን። ልጁ ዋንጫውን ታቅፎ ከጎኑ ቆመ። አቶ እንዳላማው ከበርጩማቸው ሆነው አዩዋቸው። ሥራቸው ነውና ዓይናቸውን ወዲያ አላዞሩም።

ሊቀ ተርታ አማካሪዎቻቸውን ዛፍ ሥር ሰብስበው ተማከሩ። ሕጉን መሻር አይቻልም። ልጁን ማቆምም አገር ያስነሣል። በመጨረሻ መፍትሔ ተገኘ። በረኛው ከሽበቱ ታላቅ ቢሆን ኖሮ ጥፋት አይኖርም ነበር፤ እንግዲያው ታላቅ መሆኑ ይመስከር። የሚመሰክረውም ዕድሜ ዋሽተው የማያውቁት አቶ እንዳላማው እንዲሆኑ ተወሰነና ተጠሩ።

«ይህ ሰው ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው ጠየቁ ሊቀ ተርታ።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ ክቡርነትዎ? እትብቱ ሲቆረጥ ያቀፍኩት እኔ ነኝ።»

«ይህን ካሉ እዚህ ይቀራል።» ሊቀ ተርታ በአገጫቸው ወደ ጥላው አመለከቱ። «እኛ ሰባ ሦስት ብለን አስበናል። ከእኔ አይበልጥም፣ ለክብሩም ይመጥናል።»

አቶ እንዳላማው ደባልቄን አዩ። ለስንት ዓመት በየቀኑ ያዩት ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ገና የመጣ ሰው ይመስል ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አላነሡም። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን አዩ። ዋንጫው ከብዶት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል።

«ታላቄ ነው» አሉ።

«ጮክ ይበሉ እንጂ።»

«ታላቄ ነው። እኔ ስወለድ እሱ ነበረ።»

በእኛ አገር ታላቅ ሲመጣ የተቀመጠ ሁሉ «ኖር» ብሎ ይነሣል፤ መጪውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣል። አቶ እንዳላማው ወደ በርጩማቸው ተመለሱ፤ ይታገሱ ወደ ድልድዩ ሲመጣ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «ኖር» አሉት። «እርስዎ ይለፉ።»

ልጁ «በእግዜር» አላለም። «አባባ፣ ይቀመጡ» ብቻ አለና እያለቀሰ አለፈ። እኛም የደስታ እንባ መስሎን እልል አልን።

ሊቀ ተርታ በነገሩ ስለኮሩበት የልጁን ዕድሜ በአዋጅ አጽንተው አዋጁን በዓለም ቋንቋዎች ሁሉ አስነገሩ። የውድድሩ ባለቤቶች ሰምተው ኖሮ፣ በረኛችሁ በእርግጥ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። እኛም ማኅተም አድርገን «አዎን፣ ጤንነታቸውም እጅግ መልካም ነው» ብለን መለስን። ከሃያ ዓመት በታች በሆነ ውድድር ሽማግሌ አሰልፋችኋል ተብሎ ዋንጫው ተነጠቀና ለእነ ሽበቱ ተሰጠ። አድልዎ ተፈጸመብን ብለን ከሰናል፤ ክሱ እስካሁን በተርታ ላይ ነው።

አዋጁ ግን አልተሻረም፤ የተሰጠ ዕድሜ አይመለስም። ለይታገሱ ጋቢና ዱላ ተሰጠው። ቡድኑ ሌላ በረኛ ተካ። ይታገሱ ጺም ሳያበቅል ባልና ሚስት ያስታርቃል፤ ባልየውም ሚስትየዋም አፉን እያዩ የሚናገረውን ይጠብቃሉ። ቢተው መንገድ ላይ ሲያገኘው ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይስማል። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ከሩቅ ካዩት ጨዋታውን አቁመው «ኖር» ይላሉ፤ ኳሷ ብቻዋን ተንከባላ ትቆማለች። በታላቅ ላይ ኳስ የሚመታ ልጅ በአገራችን አልተወለደም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ወደ ድልድዩ ይወርዳል። አያቱ ይነሡለታል፤ እሱ አቀርቅሮ ያልፋል። የድሮዎቹ ሁለት ድንጋዮች ጠፍተው ስለነበር ጋቢውንና ዱላውን አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ አስቀምጦ በመሃላቸው ይቆማል። ደባልቄ ታላቅም ታናሽም አይደለምና ያችን የካልሲ ኳስ ይጠልዝለታል። እኔ በዚያ ሳልፍ ሁለቱን አይቼ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። ይታገሱ በቀረው ቀን የማይታይበትን ሳቅ የሚስቀው እዚያ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን የደባልቄ ሚስት ምሳውን የምትልክበት መንገደኛ ባዶ እጁን መጣ። ታማ ተኝታለች አለ። ደባልቄ ኳሷን መምታት አቅቶት እግሩ ሥር ይዟት ቀረ። ማዶውን ያያል። ድልድዩ ላይ ገበያተኛ በተርታ ይተማል።

ይታገሱ መጥቶ ኳሷን ከእግሩ ሥር አነሣት። ጋቢውን ተከናነበ፣ ዱላውን ያዘ፣ ሰባ ሦስት ዓመት የሞላውን ሰው አረማመድ ተራመደና ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። ከዚያ በረኛ እንደሚወረውር አድርጎ ኳሷን ከሰው ሁሉ ራስ በላይ ወደ ማዶ ወረወራት። ከወንዙ ወዲያ ነጥራ የደባልቄ ሠፈር መንገድ ላይ ገባች።

«ኳሴ ወደቀችብኝ» አለ ጮክ ብሎ። «ደባልቄ፣ እባክህ ተከትለህ አንሣልኝ።»

ገበያተኛው ሁሉ ቀጥ አለ። ደባልቄ አፉን ከፍቶ ልጁን አየ፤ ቀጥሎ አስቀዳሚውን አየ። አቶ እንዳላማው ከበርጩማቸው ተነሡ። ማዶውን በእጃቸው ጋርደው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ሁላችንም አቧራ ይታየኛል እስኪሉ ጠበቅን።

«ታላቅ ሰው ዕቃ ወድቆበታል» አሉ። «የሚያነሣ ይለፍ።»

ደባልቄ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ በኋላ በሩጫ አለፈ። ሰዉ ወዲህና ወዲያ ብሎ መንገድ ለቀቀለት። ከማዶ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ኳሷን አነሣትና ወደ ቤቱ ገባ። ይታገሱ ጋቢውንና ዱላውን መልሶ መሬት ላይ አኖረ፤ በመሃላቸው ሆኖ እስኪመሽ ቆየ። አያቱም አብረውት ቆሙ። ኳሷ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም፤ ስለ መመለስ ማንም አልጠየቀም።